ወንፊት የለበሰ በረንዳ፤ ስለ ቆላ ከተማ ቤት አሠራር
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ጥቂት ቃል ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ጉዳዩ በረንዳ ነው። እርሱም እንዲያው ማንኛውም በረንዳ ሳይሆን፥ ዙሪያውን በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ተጋርዶ ነፋስ የሚያስገባ፥ ትንኝ ግን የማያስገባ በረንዳ ነው። በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ፥ በመተሐራና በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አዲስ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ነገር መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ሊመክርበት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የማምንበትንም ምክንያት ታሪክን እየጠቀስሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር፥ የውጭውን ነገር ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር አለ። አንድ ሰው ብዙ ዓመት ቆጥቦ፥ ተበድሮም ቢሆን ቤት ሊሠራ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ አጥሩና ስለ ግቢው በር ነው። ቀጥሎ ሳሎኑ እንዲሰፋ ይመኛል፤ ከዚያም ስለ መስኮቱ መስተዋትና ስለ ወለሉ ንጣፍ ከግንበኛው ጋር ይከራከራል። በረንዳው ግን ገንዘብ ከተረፈ የሚሠራ፥ ካልተረፈም የሚቀር ነገር ሆኖ በፕላኑ ጠርዝ ላይ ይቆያል። ቢሠራም አዲስ አበባ ላይ ባየነው በረንዳ አምሳል ይሠራል፤ ሦስት አራት ዓምድ፥ ከላይ ቆርቆሮ፥ ከፊት ክፍት። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የደጋውን በረንዳ ይዘን ወደ ቆላ ወርደናልና።

የደጋው በረንዳ ከየት እንደ መጣ ጥቂት እንመልከት። በቀድሞው ዘመን የአገራችን ቤት ጎጆም ቢሆን ሰቀላ፥ እልፍኝም ቢሆን አዳራሽ፥ ሰው ደጅ ላይ ቢቀመጥ የሚቀመጠው በግድግዳው ጥግ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። በረንዳ የሚለው ቃል ራሱ ከውጭ የመጣ ነው፤ በህንድም በፖርቱጋልም ቋንቋ ተቀራራቢ ድምፅ ያለው፥ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች የተሰራጨ ቃል ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ ትልልቅ ቤት ማሠራት ሲጀምሩ፥ የህንድና የአርመን አናጢዎችና ግንበኞች ጌጠኛ የእንጨት በረንዳ ያለባቸውን ቤቶች ሠሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እስከ ዘመናችን ቆይተው ታይተዋል። ያ በረንዳ ዝናምን ይመልስ ነበር፤ ፀሐይን ይከላከል ነበር፤ ባለቤቱም ከላይ ሆኖ ደጅ የሚጠናውን ሰው ይመለከትበት ነበር። ስለ ትንኝ ግን አሳቢ አልነበረውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናትና ወባ በውስጧ አይራባም።

ቆላው ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ መነገድን እንጂ ወርዶ ማደርን አይወድም ነበር፤ ገበያውን ውሎ፥ ጉዳዩን ፈጽሞ፥ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ዳገቱ ይመለስ ነበር። በሽታውንም ንዳድ ይለው ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪው ወገናችን ቡሳ ይለዋል፤ ትንኟንም ቦኬ ቡሳ ብሎ ከበሽታው ጋር አያይዞ ይጠራታል። ሌሊቱን ቆላ ላይ ማደር እንደሚያሳምም ሁሉም አውቆ ሳለ፥ ምክንያቱን ግን ብዙው ሰው ከረግረግ በሚነሣው እንፋሎትና በመጥፎ አየር ላይ ያሳብበው ነበር። በዚህ ረገድ አውሮፓውያንም ከእኛ አይሻሉም ነበር። ማላሪያ የሚለው የኢጣልያን ቃል ትርጉሙ መጥፎ አየር ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሕመምን የፈራ ሰው ሁሉ ሲመሽ መስኮቱን ጠርቅሞ፥ በሙቀት ታፍኖ ያድር ነበር።

ይህን የተሳሳተ አሳብ የለወጠው ምርምር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተከናወነ ነው። በ1880 አልፎንስ ላቬራን የተባለ የፈረንሳይ ወታደራዊ ሐኪም በአልጄርያ፥ በኮንስታንቲን ከተማ፥ የወባን ተሕዋስ በሕሙማን ደም ውስጥ አየ። በ1897 ነሐሴ ወር ውስጥ ሮናልድ ሮስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ህንድ አገር ሳለ ያንኑ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በሚከተለው ዓመትም ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌሌስ የተባለችው የትንኝ ዓይነት መሆኗን አስረዳ።

ነገር ግን ብዙ ሰው ገና አላመነም ነበር። ስለዚህ በ1900 የዘመኑ ታላቅ የቆላ በሽታ ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን አንድ ቀላል ፈተና አዘጋጀ። ከሮም ከተማ አጠገብ፥ በኦስትያ፥ ወባ በጠናበት ረግረግ ቦታ ላይ አንዲት የእንጨት ቤት አስተከለ። የቤቲቱ መስኮትና በር ሁሉ በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ተሸፈነ። ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በዚያች ቤት ተቀመጡ። ቀን ቀን እንደ ልባቸው በሜዳው ይዘዋወራሉ፤ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይወጣሉ። መስኮቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበሩና ያ መጥፎ የተባለው አየር በቤቱ ውስጥ እንደ ልብ ይነፍስ ነበር። ለመከላከያ የሚሆን ኪኒን አልዋጡም። ጎረቤቶቻቸው በንዳድ ሲወድቁ እነርሱ ግን አንድም ቀን አልታመሙም። በዚያው ጊዜ ከሮም ወደ ለንደን የተላኩ፥ በሽታውን የያዙ ትንኞች የማንሰንን ልጅ በፈቃዱ ነከሱት፤ ወባ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ ሳለም ወባ ታመመ። በዚህ ዓይነት በሽታው ከአየሩ ሳይሆን ከትንኟ መሆኑ በሁለት በኩል ተመሰከረ።

በዚያው ዓመት ግራሲም በደቡብ ኢጣልያ፥ በካፓቾ ሜዳ፥ በባቡር መንገዱ አጠገብ በሚኖሩ ሠራተኞችና ቤተ ሰቦች ላይ ሰፋ ያለ ፈተና አደረገ። ከምሽት እስከ ንጋት ከትንኝ ከተጠበቁት 112 ሰዎች የታመሙት 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልተጠበቁት 415 ሰዎች ግን በሽታው ያልያዘው አልተገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፓናማን ቦይ ሲቆፍሩ አሜሪካውያን የሠራተኞቹን ቤትና በረንዳ በወንፊት ሸፈኑ። ተራው የብረት ሽቦ በዚያ እርጥበት ቶሎ ስለሚዝግ የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ። ከእነርሱ በፊት በዚያው ቦታ የሞከሩት ፈረንሳውያን በትንኝ በሽታ አልቀው ሥራውን ትተውት ነበር፤ ቦዩ ግን በ1914 ተከፈተ።

ስለ ወንፊቱ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ፥ በኮኔቲከት አገር፥ ለወፍጮና ለወጥ ቤት የሚሆን የሽቦ ወንፊት የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ነበር። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ የደቡቡ ገበያ ሲዘጋበት፥ ያልተሸጠውን የወንፊት ሽቦ ቀለም ቀብቶ ለመስኮት መጋረጃ ሸጠው ይባላል። እንግዲህ የእኛ አናጢ ይህን ሽቦ ወንፊት ብሎ ሲጠራው ስሙን ከትክክለኛው ዘሩ ላይ አግኝቶታል ማለት ነው። ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን እንደሚያስቀር ሁሉ፥ ነፋሱን አሳልፎ ትንኙን ያስቀራልና።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከላይ የተነገረው ምርምር በሚደረግበት በዚያው ዘመን ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በቆላው በረሓ እየተዘረጋ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዳማም ከከተማነት የደረሰችው በዚህ ሐዲድ ምክንያት ነው። ስሟ አዳሚ ከሚባለው ቁልቋል የመጣ ነው ይባላል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ተብላ ብዙ ዓመት ከኖረች በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞው ስሟ ተመልሶላታል። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ በአገራችን ወባ ይገኝበታል ተብሎ ከሚቈጠረው ከ2,000 ሜትር በታች ካለው ምድር ውስጥ ናት። በሐዲዱ ዳር የተሠሩት የባቡር ጣቢያዎች ሰፊ ጥላ ያለው በረንዳ ነበራቸው፤ መንገደኛም ባቡር እስኪመጣ ይጠለልበት ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሠራተኛም ዓይኑን ያሳረፈው በዚህ በክፍቱ በረንዳ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ ልማት በዛ፤ ከልማቱም ጋር ውኃ በዛ። ከአዳማ በስተ ደቡብ በወንጂ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ አቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአገዳው እርሻም በቦይ ውኃ የሚጠጣ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተከማቸው ውኃም ሰፊ ሐይቅ ሆኖ ተኛ። ስኳሩና መብራቱ ለአገር የሚጠቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች፥ ከሐይቁ ዳር እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል የሚኖረው ሕዝብ ራቅ ብሎ ከሚኖረው ይልቅ በወባ እንደሚጠቃ አሳይተዋል። ልማት ሲመጣ ውኃው ይመጣል፤ ውኃው ሲመጣ ትንኟ ትከተላለች፤ እንግዲህ ከውኃው አጠገብ የሚሠራው ቤት ይህን አውቆ መሠራት ነበረበት።

የወባን ክፋት አገራችን በብርቱ ያየችው በ1950 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ዝናሙ ከልማዱ ውጭ በዛ፤ ሙቀቱም ጨመረ። ከሰኔ 1950 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ በጊዜው የተደረገው ጥናት ገምቷል። ወረርሽኙ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ምድር ነው፤ ማለት ሰው ወይና ደጋ ነኝ፥ ወባ አይነካኝም ብሎ ተዝናንቶ የሚኖርበትን አገር ነው። በሽታውን ያልለመደ ሰውነት መቋቋሚያ ስለሌለው እልቂቱ የከፋ ሆነ። አዳማም በከፍታዋ ከዚህ ክልል ውስጥ ናት።

ከዚህ እልቂት በኋላ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የወባ ማጥፊያ አገልግሎትን አቋቋመ። ለሠራተኞቹም ማሠልጠኛ በናዝሬት ተከፈተ። ስንት ወጣት የመርጫ ቆርቆሮውን በትከሻው አዝሎ ከዚያች ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠሩ እንደ ዘመተ የዚያን ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። ዲ.ዲ.ቲ. በግድግዳው ላይ ይረጫል፤ ትንኟ ደም ጠጥታ ልታርፍ ግድግዳው ላይ ስትቀመጥ ትሞታለች፤ አሠራሩ ይህ ነበር። በዚህ ሥራ የብዙ ሰው ሕይወት መዳኑ የማይካድ ነው። በኋላም በአዳሚ ቱሉ የተቋቋመው የፀረ ተባይ ፋብሪካ ዲ.ዲ.ቲ.ን በአገር ውስጥ ያዘጋጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ወባን ከዓለም ፈጽሞ አጠፋለሁ ብሎ በ1955 የተነሣው የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ዕቅዱን ለመለወጥ ተገደደ። በአገራችንም ትንኟ መድኃኒቱን እየተላመደች ስለመጣች ዲ.ዲ.ቲ. ለቤት ርጭት መዋሉ ቀርቶ በሌላ ተተካ። ርጭት በጀት ይፈልጋል፤ መኪናና ሠራተኛ ይፈልጋል፤ በየዓመቱም መታደስ አለበት። በጀቱ ያነሰ ወይም ጸጥታ የደፈረሰ እንደ ሆነ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥም በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን እንደ ተመዘገቡና 1,157 ሰዎች እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ምናልባት አጎበር አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አጎበር አለ፤ ማለፊያ ነገርም ነው፤ ማንም ከአልጋው ላይ እንዳያነሣው እመክራለሁ። ነገር ግን አጎበር የሚጠብቀው የተኛን ሰው ነው። በአገራችን በተለያዩ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፥ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የተባለችው ዋነኛዋ የወባ ትንኝ መናከስ የምትጀምረው ሰው ገና ሳይተኛ፥ በመጀመሪያው የምሽት ሰዓት ነው። በአዳማ ደግሞ ያ ሰዓት ምን ዓይነት ሰዓት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኑን የጋለው ቆርቆሮ ገና አልበረደም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያስቸግራል፤ ከሥራ የተመለሰው አባወራ ወንበሩን አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል፤ ልጆቹ በመብራቱ ሥር ትምህርታቸውን ያጠናሉ፤ እናት ቡናውን ታፈላለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቤተ ሰቡ ሁሉ ያለው በረንዳው ላይ ነው። በአጎበር የማይጠበቀው ሰዓት ይህ ነው። ወንፊት የለበሰ በረንዳ የሚጠቅመውም በዚህ ሰዓት ነው።

ወንፊት በአፍሪካ ምድር ያለውን ጥቅም በተመለከተም ማስረጃ አለን። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በተደረገና በ2013 በታተመ ጥናት፥ በርና መስኮታቸው በወንፊት በተሸፈኑ ቤቶች ውስጥ የዚያች ትንኝ ብዛት 40 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በጋምቢያ የተደረገውና በ2009 የታተመው ጥናት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተሸፈኑ ቤቶች የሚገባው ትንኝ ከግማሽ በላይ መቀነሱንና በልጆችም ላይ የሚታየው የደም ማነስ መቀነሱን አሳይቷል። ከእነዚህ ጥናቶች የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ወንፊት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የተረሳ ቀዳዳ ካለ ጥቅሙ ይጎድላል።

ስለ ተረሳ ቀዳዳ አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ አዳማ ላይ ቤት ሠርቶ በረንዳውን በወንፊት አሳጠረ። ነፋስ እንዲገባ ብሎ ግን በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት እንዳለ ተወው። በመስከረም ወር ልጁ ታማ ከትምህርት ቤት ብዙ ቀን ቀረች። ወዳጄም ተቆጥቶ አናጢውን አስጠራና «ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት ለምን ነበር?» አለው። ሽማግሌው አናጢ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና «ጌታዬ፥ ትንኝ በር አታንኳኳም፤ ያልተዘጋ ሲያገኙ ሌባም እርሷም አንድ ናቸው» አለው። ክፍተቱን ለመድፈን የወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ኖሮ ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ በረንዳውን እንዴት እናስበው? በመጀመሪያ ስለ አቅጣጫው እናገራለሁ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ የምትገኝ ስለ ሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ትቆማለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ረጅሙ ጐኑ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚመለከት በረንዳ በጣሪያ ብቻ ይጠለላል። ለምሳሌ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላለው ክፍት ጐን ጣሪያው 1 ሜትር ተኩል ያህል ወጣ ካለ፥ የታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ እንኳ ወደ ውስጥ አትገባም። ወደ ምዕራብ የሚመለከት በረንዳ ግን የማታዋን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላታልና፥ ለመቀመጥ በምንፈልግበት ሰዓት ምድጃ ይሆናል። በዚያ በኩል ዛፍ ቢተከል ወይም ግድግዳ ቢቆም ይሻላል።

ሁለተኛው የነፋሱ ጉዳይ ነው። አዳማ የነፋስ አገር መሆኗን ከከተማዋ አጠገብ በኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ። ሆኖም ወንፊት የነፋሱን ፍጥነት በብዙ ስለሚያዘገየው፥ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት የሆነ በረንዳ ይታፈናል። ቢያንስ ሁለት ጐኑ፥ ቢቻል ሦስት ጐኑ ክፍት ሊሆን ያስፈልጋል። ቦታውን ከመወሰን በፊት ሁለት ሦስት ምሽት በባዶው መሬት ላይ ቆሞ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ማየት ከማናቸውም ምክር ይበልጣል። አቧራውንም ለመመለስ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ በግንብ ከፍ ማድረግና ወንፊቱን ከዚያ በላይ ማስጀመር ጥሩ ነው፤ ልጆችም በእግራቸው እየመቱ አይቀዱትም።

ሦስተኛው ስፋቱ ነው። ጐኑ 1 ሜትር ከምናምን የሆነ ጠባብ በረንዳ ለጫማ ማስቀመጫ እንጂ ለቤተ ሰብ መቀመጫ አይሆንም። ጠረጴዛና ወንበር ተቀምጦ ሰው እንዲያልፍ ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል፥ ቢቻል 3 ሜትር ይሁን። ሳሎኑን በዚያው ልክ ማሳነስ ይቻላል፤ በቆላ አገር ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እውነተኛው ሳሎን በረንዳው ነውና።

አራተኛው ወንፊቱና በሩ ነው። ወንፊቱ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 16 ወይም 18 ቀዳዳ ያለው ቢሆን ትንኝ አያሳልፍም። ተራው ብረት ይዝጋልና የማይዝገውን መምረጥ ነው። ወንፊቱን በግንቡ ላይ በቀጥታ ከመለጠፍ ይልቅ፥ በቡሎን እየተፈታ በሚወጣ ክፈፍ ላይ ማስወጠር ይሻላል፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል፥ ሲቀደድም ያው ክፈፍ ብቻ ይለወጣል። ክፈፉ ከእንጨት ከሆነ የስምጥ ሸለቆው ምስጥ እንዳይበላው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ በመዝጊያው ላይ ያረፈችው ትንኝ ከሚገባው ሰው ጋር እንዳትገባ ነው። ራሱም እንዲዘጋ ሞላ ይደረግለት፤ የልጅ እጅ በር መክፈትን እንጂ መዝጋትን አያስታውስምና። የጣሪያውና የግድግዳው መጋጠሚያ ሁሉ ይደፈን ወይም በወንፊት ይሸፈን። የወለሉም ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አይረሳ።

አምስተኛው በሥራው ጊዜ ስለሚከማች ውኃ ነው። ግንበኛ ለሲሚንቶው የሚሆን ውኃ በጉድጓድና በበርሜል ያጠራቅማል፤ ሥራው ሲራዘምም ውኃው ወራት ይቀመጣል። ይህ ድሮም መጥፎ ነበር፤ አሁን ግን ብሶበታል። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች፥ መኖሪያዋ እስያ የነበረች የወባ ትንኝ በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በቀብሪ ደሀር ተገኝታለች፤ ከዚያም ወዲህ ከአዳማ በታች በሐዲዱ መንገድ ላይ ባለችው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጭምር ታይታለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተማ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዋ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ፥ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ወባ የገጠር በሽታ ነው የሚለው የከተሜ መጽናኛ በእርሷ ምክንያት ፈርሷል። ስለዚህ በወንፊቱ በረንዳችንን ስንሸፍን በርሜላችንንም አብረን እንሸፍን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን ስሌቱን እናስተካክል። ለግቢ በር ጌጥ የምናወጣውን ገንዘብ የሚያየው መንገደኛ ነው፤ ለወንፊቱ የምናወጣውን ግን የሚጠቀምበት ልጃችን ነው። አንድ ጊዜ በወባ የተኛ ሠራተኛ ከሥራው ይቀራል፤ ሚስቱ ታስታምማለች፤ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ ወጪ ያወጣል። የተከራየ ሰውም ቢሆን ተፈትቶ የሚወሰድ ክፈፍ አሠርቶ አንዲት መስኮትና አንድ በር ሊሸፍን ይችላል። የመንግሥትና የማኅበር ቤቶችን ፕላን የሚያወጡ መሐንዲሶች ደግሞ ለቆላ ከተማ የሚሆነውን ፕላን ከደጋው ለይተው ቢያዘጋጁ፥ ሥራቸው ከብዙ ዘመቻ የሚቆጠር አገልግሎት ይሆናል። በ1900 በኦስትያ ረግረግ ላይ የቆመችው ቤት የአንድ ክረምት ፈተና ነበረች። በእኛ አገር ግን ፈተናው በየዓመቱ በመስከረም ይመጣልና ቤታችንም በየዓመቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ዘንድ ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ቃል ልናገርና ላብቃ። ርጭት ከመንግሥት ይመጣል፤ አጎበር በእርዳታ ይታደላል፤ መድኃኒትም ከሐኪም ቤት ይገኛል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ማናቸውም ይቅሩ አልልም። ነገር ግን ሁሉም ከሌላ ሰው እጅ የሚጠበቁ ናቸው፤ አንዳንድ ዓመት ይዘገያሉ፥ አንዳንድ ዓመትም ይቀራሉ። በቤቱ አሠራር ውስጥ የገባው መከላከያ ግን ባለቤቱ እስከ ጠበቀው ድረስ ከቤቱ ጋር ይኖራል። የቀድሞው ሰው ቆላን ሸሽቶ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር። እኛ ግን ሥራችንም ኑሯችንም ከቆላው ከተማ ሆኗልና፥ ጀምበር ስትጠልቅ የምንገባበት ቤት እናዘጋጅ። መሠረቱ ገና ያልተቆፈረላችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ ነገ ከመሐንዲሱ ጋር ስትቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር የምቀመጠው የት ነው?» የሚል ይሁን።